የምሽት ቀዘፋ ለጀማሪ፦ ከጎንደር ተነስቶ ጎርጎራ፣ ባሕር ዳር ወይስ ቢሾፍቱ?

ጎንደር ከተማ ውስጥ የሚቀዘፍበት ሐይቅ የለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው «እዚሁ አቅራቢያ አይገኝም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለሚበዛ ነው። የአፄ ፋሲል መዋኛ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ቦታው የበዓልና የጸሎት ነው። የአንገረብ ግድብ ደግሞ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው። ጀልባ ይዞ ሊገባበት አይገባም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ የሚመራው ሰው ይዞ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ቀስ እያለ መቅዘፍ የሚፈልግ ጎንደሬ ከከተማ መውጣቱ ግድ ነው።

የሚታሰቡት ቦታዎች ሦስት ናቸው። ቅርባችን ጎርጎራ ነው፤ የጣና ሰሜናዊ ዳር። ቀጥሎ ባሕር ዳር አለ፤ የዚያው የጣና ደቡባዊ ጫፍ። ቢሾፍቱ ደግሞ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ዋጋና ፎቶ ነው። እኔ ለጀማሪ ስመርጥ ቀድሜ የማየው ስንት ሰዓት ላይ ከውሃ እንደሚወጣና ማን እንደሚመራው ነው። ጀልባው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስንት ሰዓት ነው ከውሃ የምትወጡት?

አንዱ አስጎብኚ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያስነሳችሁና ፀሐይ ስትጠልቅ ዳር ያደርሳችኋል። ሌላው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚነሳው። ዋጋቸው ቢቀራረብም ለጀማሪ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በእኛ አካባቢ ፀሐይ በታኅሣሥ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ትጠልቃለች። በሰኔ ለ1 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው። ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ አይቆይም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም ይላል።

ጣና ደግሞ ትንሽ ውሃ አይደለም። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ያድጋል። ወደ ማታ ይረግባል። እንዲህ ባለ ትልቅ ሐይቅ ላይ ቀን ቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ ዳር ይነፍሳል። ሲመሽ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ነፋሱ ይገለበጣል፤ ከዳር ወደ ውሃው ይሆናል። ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 11 ሰዓት ላይ ክንዱ የዛለ ሰው ነፋሱ ራሱ ወደ ዳር ያግዘዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የዛለ ሰው ግን ወደ መሀል ነው የሚገፋው። በዚያ ላይ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይጥላሉ፣ ጠዋት ያወጣሉ። መረብ በጨለማ አይታይም፤ መቅዘፊያ ይይዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ሳይጨልም የሚያወጣችሁን ምረጡ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ጨረቃ ማየት የምትመኙ ከሆነ ጨረቃ ሙሉ ከመሆኗ አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። ያኔ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረቃ በምሥራቅ በኩል ወጥታለች፤ ሁለቱንም አይታችሁ በጊዜ ትወጣላችሁ።

ጎርጎራ

ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀን ከሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል። ለምሽት ቀዘፋ ግን አይሆንም። ከውሃ ወጥቶ በጨለማ መንገድ መጀመር ተገቢ አይደለም፣ በተለይ በዚህ ጊዜ። የአዳሩን ሂሳብ ከመጀመሪያው አስገቡ። የመንገዱን የዕለት ሁኔታም መስመሩ ላይ ከሚሠራ ሹፌር ጠይቁ፤ የትናንቱ ለዛሬ ላይሠራ ይችላል። አሁን በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለ። ቀለል ያለ ማረፊያ ለሚፈልግም ከተማዋ ውስጥ አይጠፋም።

እዚህ በብዛት የምታገኙት ታንኳና ሞተር ጀልባ ነው። ካያክ፣ ማለትም ራሳችሁ የምትቀዝፉት ጠባብ ጀልባ፣ የምትፈልጉ ከሆነ መኖሩን በስልክ ሳታረጋግጡ አትነሱ። ታንኳው ግን በራሱ መንገድ የሚያስወጣ ነገር ነው። የሚሠራው ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። የደረቀው ደንገል ይደራረብና እንደ ነዶ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። በዚህ ሙያ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ጎድጓዳ ስላልሆነ እንደ ሌላ ጀልባ ውሃ ሞልቶት አይሰምጥም። ግን በእስሩ መሀል ውሃ ይገባል። ተቀምጣችሁ ትንሽ ስትቆዩ ከሥራችሁ ቀስ እያለ ይርሳል። አዲስ ታንኳ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ውሃ የጠጣው ዝቅ ይልና ይከብዳል። ከመሳፈራችሁ በፊት ጠርዙ ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ እዩ። ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ዳር አውጥቶ እንዲደርቅ የሚያቆም ባለታንኳ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ተሳፋሪውንም ይጠብቃል።

አቀዛዘፉም ይለያል። ቀዛፊው አንድ ረጅም ዘንግ ይዞ ግራና ቀኝ እያለ ይሄዳል። እናንተ ትንሽ ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ሆኖም ራሱ ቀዝፎ መልመድ ለሚፈልግ ሰው ታንኳ አይበቃም። ሞተር ሳይጮህበት፣ አዋቂ እየቀዘፈለት ውሃው ላይ መቆየት ለሚፈልግ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ፔሊካኖቹ ሳይደነግጡ በቅርብ ታልፏቸዋላችሁ። እናታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ታንኳ አይመቻቸውም፤ እግር ዘርግቶ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነውና ጉልበትና ወገብ ይፈትናል። ለሳቸው ሞተር ጀልባው ይሻላል።

ጎርጎራ ላይ ሳይነሳ የማያልፈው ጉዳይ እምቦጭ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ በደምቢያ በኩል። ነፋስ ይነዳዋል። ጠዋት ክፍት የነበረ ዳር ከሰዓት ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ከላይ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ሐምራዊ አበባው ዓይን ይስባል። ከሥር ግን ጥቁር ጸጉራም ሥሩ ተንጠልጥሎ አለ። መቅዘፊያ ከገባበት ይጠመጠማል። ጀማሪ ደንግጦ በኃይል ሲጎትት ጀልባው ይዘነበላል። እጅ ማላላት፣ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ማውጣት፣ ከዚያ መዞር ነው። የአካባቢው ቀዛፊ ይህን ያውቀዋል። ይህን የመሰለ ሐይቅ አረንጓዴ ለብሶ ሲታነቅ ማየት ያማል። ዳሩ ክፍት መሆኑን በሄዳችሁበት ዕለት ጠዋት ደውላችሁ ጠይቁ።

አዳሩ ሌላም ጥቅም አለው። ቀኑን ደብረ ሲና ማርያምን ትሳለማላችሁ፤ የግድግዳ ሥዕሎቹን ቀን በብርሃን ማየት ነው ደስ የሚለው። ከዚያ አረፍ ብላችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ዳር ትገኛላችሁ።

ባሕር ዳር

ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለቀዘፋ ብቻ አይኬድም። ለሌላ ጉዳይ ከሄዳችሁ ግን ምርጫው ሰፊ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉ ማረፊያዎችና አስጎብኚዎች ይበዛሉ፣ ካያክ የማግኘት ዕድላችሁም ከጎርጎራ የተሻለ ነው። ራሳችሁ መቅዘፍ ከፈለጋችሁ በጣና ላይ ወደዚህ ያደላል።

የማይመቸው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የሞተር ጀልባው ብዛት። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሄዱት አመሻሽ ላይ ነው የሚመለሱት። የሚተዉት ማዕበል ጀማሪን ያናውጣል። ማዕበል ሲመጣ ጎን አይሰጥም፤ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ማዞር ነው። ሁለተኛው ጉማሬ ነው፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። ያ ሰዓት እናንተ የምትቀዝፉበት ሰዓት ነው። ጉማሬ ከውሃውና ከሣሩ መሀል የገባበትን አይወድም። አስጎብኚው «ጉማሬ በቅርብ አሳያችኋለሁ» ብሎ በካያክ ወይም በታንኳ ወደዚያ የሚወስዳችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ጉማሬ ማየት የሚፈልግ ቀን፣ በትልቅ ጀልባ፣ ከርቀት ይየው።

ስለ ጤና፣ ለሁለቱም

ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው፣ በተለይ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር። የምትረጥቡት ደግሞ ስትሳፈሩና ስትወርዱ፣ እዚያው ዳር ላይ ነው። መሳፈሪያ መድረክ ያለበት ቦታ ካገኛችሁ ምረጡት። ከወጣችሁ በኋላ ቶሎ ሰውነታችሁን በፎጣ አድርቁ። ውሃ ነክቷችሁ ከነበረ 2 ወር ገደማ ቆይታችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። በሽታው ከታወቀ መድኃኒት አለው። ወባም አትርሱ። ጎንደር ላይ ሆነን እንረሳዋለን፤ ጣና ዳር ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ትንኟ የምትነድፈው ሲመሽ ነው። እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ፣ ማታ አጎበር።

ቢሾፍቱ

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቦጋያን የመሰሉት ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ላይ የተኙ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ገደሉ ከነፋስ ይከልላቸዋል። እንደ ጣና ያለ ማዕበል የለም፣ ጉማሬም እምቦጭም አያሳስብም። ዳር ያሉ ሪዞርቶች ካያክ አላቸው። መቅዘፍ ለመልመድ ብቻ ከሆነ ከሦስቱ ይህ ይሻላል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ካላችሁ እግር የሚያስቆም የለም። ጣና በአንጻሩ እጅግ ሰፊ ሆኖ የመጨረሻ ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ሁለተኛ፣ ካያክ ማከራየትና መሪ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመንሳፈፊያ ጃኬት አልብሶ ከዳር የሚመለከታችሁን ሰው መሪ አትበሉት። አብሯችሁ የሚቀዝፍ ሰው መኖሩን ጠይቁ። ከቢሾፍቱ ሌላ የወንጪ ሐይቅም ደስ ይላል፣ ግን ከፍታው 2,900 ሜትር ገደማ ነው፤ አመሻሽ ላይ ልብስ ከረጠበ ብርዱ አይቻልም።

ካያኩና መሪው

ካያክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እግራችሁን ውስጡ የምታስገቡበት፣ ሌላው ላዩ ላይ የምትቀመጡበት። ለጀማሪ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ይሻላል፤ ቢገለበጥ እንኳ ውስጡ አትያዙም፣ ተመልሶ ለመውጣትም ይቀላል። ለሁለት ሰው የሚሆነው ሰፋ ስለሚል አይናወጥም። ከፈራችሁ መሪው ከኋላ፣ እናንተ ከፊት ተቀመጡ።

ጥሩ መሪ ከሥራው ይታወቃል። ጃኬቱን አልብሷችሁ ዝም አይልም፤ ትከሻው ላይ ይይዝና ሽቅብ ይጎትተዋል። ጃኬቱ ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ልል ነው፣ ማሰሪያውን እንደገና ያጠብቃል። ዋና ቻላችሁም አልቻላችሁም «አያስፈልግም» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ የብስ ላይ መቅዘፊያ አያያዝ ያሳያችኋል። የሚቀዘፈው በክንድ ብቻ አይደለም፣ ወገብ አብሮ ይዞራል፤ አለበለዚያ ገና ሳይርቁ ትከሻ ይዝላል። ውሃው ላይ ከሁሉም ደካማ በሆነው ሰው ፍጥነት ይሄዳል። አንድ መሪ ከ4 በላይ ጀማሪ ከያዘ ለእኔ በዝቷል። መብራትና ፊሽካ አብሮት መኖሩንም እዩ፤ ሳይጨልም የምትወጡ ቢሆንም።

ጂንስ አትልበሱ። ከረጠበ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ነጠላና ጋቢ ዳር ላይ ይጠብቋችሁ፤ ስትወጡ ነው የሚጠቅሙት።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ክረምቱ አልፏል፣ ውሃው ገና ሙሉ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በግንቦት ውሃው ይሸሽና ጭቃው ይወጣል፤ ለመሳፈር ያስቸግራል።

ዋጋ ስትጠይቁ የጃኬት፣ የመሪና የመቅዘፊያ ኪራይ አብሮ መሆኑን ለዩ። ታንኳ ከሆነ ገንዘቡ ለቀዛፊው እጅ መድረሱን አረጋግጡ፤ በደላላ በኩል ከሄደ ለሱ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከሁሉም በላይ ስለ ቀብዱ ጠይቁ። «10 ሰዓት ላይ ነፋስ ቢበረታ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። «ችግር የለም፣ እንወጣለን» ካለ ተዉት። «አንወጣም፣ ቀብዳችሁን እመልሳለሁ ወይም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እወስዳችኋለሁ» ካለ ግን ትንሽ ቢያስከፍልም እሱን ያዙ።