የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት፦ የዴሪዳ ቀጭን መጽሐፍ በአማርኛ አንባቢ ዓይን

ድኅረ መዋቅራዊነት የሚባለውን፣ የቃላት ትርጉም ጸንቶ የሚቆም አይደለም የሚል የፍልስፍና አስተሳሰብ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከወፍራሞቹ መጻሕፍት ይጀምርና ከመግቢያው ይመለሳል። እኔ የምመክረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ በ1996 በፈረንሳይኛ ያሳተመውን፣ ፓትሪክ ሜንሳ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1998 ያወጣውን፣ ርእሱ «የሌላው አንድ ልሳንነት» ሊባል የሚችለውን ቀጭን መጽሐፍ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ክርክሩ በሙሉ የቆመው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «ያለኝ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ አይደለም።» በፈረንሳይኛው ግሱ ይዞታን ስለሚያመለክት፣ ተናጋሪው በእጁ የያዘውን መልሶ የካደ ይመስላል። የእኛ «አለኝ» ግን ከ«አለ» የመጣ ነው። «ቋንቋ አለኝ» ስንል በሰዋስው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ቋንቋው ሲሆን፣ ተናጋሪው በግሱ ጫፍ ላይ በ«ኝ» ብቻ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ተናጋሪ የቋንቋው ጌታ አይደለም የሚለውን፣ ዴሪዳ ብዙ ገጽ የደከመበትን ሐሳብ ሰዋስዋችን አስቀድሞ ይዞት መቆየቱ እጅግ አስደንቆኛል።

ሐሳቡ ከሕይወቱ የተቀዳ ነው። በ1930 አልጄርስ አጠገብ በኤል ቢያር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የአልጄሪያ አይሁዶች በ1870 በክሬሚዩ ዐዋጅ ያገኙትን የፈረንሳይ ዜግነት፣ ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት በ1940 ነጠቃቸው፤ ዴሪዳም በ1942 ከትምህርት ቤት ተባረረ። ዐረብኛ በተወለደበት ምድር በምርጫ የሚሰጥ የባዕድ ቋንቋ ነበር፤ በቤትም ከፈረንሳይኛ ሌላ የሚጠጋበት ቋንቋ አልነበረውም። አያቶቻቸው በሌላ ቋንቋ አፋቸውን ፈትተው እነርሱ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ወገኖቻችን ይህን ክፍል በጥሞና እንደሚያነቡት አምናለሁ።

ከሁሉ የበለጠብኝ ከናዚዎች ስለ ሸሸችው ጀርመናዊት አይሁዳዊት አሳቢ ስለ ሐና አረንት የጻፈው ረጅም ማስታወሻ ነው። አረንት በ1964 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ፣ ከናዚው ዘመን በኋላ የቀረላት የእናቷ ቋንቋ እንደሆነና ያበደውም ጀርመንኛው እንዳልሆነ ተናግራ ነበር። ዴሪዳ ግን ቋንቋ ከእብደት ነጻ ነው፣ እናትም ልታብድ አትችልም የሚለውን እምነት በርኅራኄ እየመረመረ ያናውጠዋል።

ቅር ያሰኘኝ ባህል ሁሉ ከመሠረቱ ቅኝ ገዥ ነው ወደሚለው ድምዳሜ የሚሻገርበት ፍጥነት ነው። በቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት ቋንቋው ወደ ጎን የተገፋበት የዐረብ ወይም የበርበር ልጅ ጉዳት፣ ፈረንሳይኛ እየተናገረ ዜግነቱን ከተነጠቀው ልጅ ጉዳት የተለየ ነው። ዴሪዳም ልዩነቱ እንዳይደመሰስ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ስለ ራሱ ብዙ ገጾች ሲጽፍ ለዐረብና ለበርበር ልጆች የተረፈው ቦታ ጠባብ ነው።

ትርጉሙ ጥንቁቅ ቢሆንም በፈረንሳይኛ ድምፅ ላይ የተመሠረቱት የቃላት ጨዋታዎች በእንግሊዝኛው ይደበዝዛሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ለሚገዛ አንባቢ የምመክረው፣ መጀመሪያ ስለ ልጅነቱ የሚተርክባቸውን ገጾች፣ ቀጥሎ የአረንትን ማስታወሻ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ረቂቁን መግቢያ እንዲያነብ ነው።