ጂኦጀብራ፦ ነጥብን፣ መስመርንና ጠለልን ለሚጀምር ተማሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

የጂኦሜትሪ ትምህርት የሚነሣው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከነጥብ፣ ከመስመርና ከጠለል (በየአቅጣጫው ያለ ወሰን ከሚዘረጋ ዝርግ ገጽ)። በመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱም በጥቂት አንቀጾች ተገልጸው የሚታለፉ ቢሆኑም፣ በኋላ በትይዩ መስመሮችና በጠጣር አካላት ላይ የሚታየው የተማሪዎች ግራ መጋባት ብዙውን ጊዜ ከእነዚያ አንቀጾች የሚጀምር ይመስለኛል። ስለዚህ ጂኦጀብራ የተባለውን የጂኦሜትሪ ሥዕል መሥሪያ መተግበሪያ እዚህ የምገመግመው በዚህ የመጀመሪያ ርዕስ ብቻ ነው፤ ለከፍተኛ ክፍሎች የተዘጋጁትን የካልኩለስና የስታቲስቲክስ ክፍሎቹን አላነሣም።

መተግበሪያውን እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንቫርተር ነው፤ ሥራው በዛልስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከነበረው የማስተርስ ጥናቱ ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተርም በስልክም ይሠራል፤ ለትምህርትና ንግድ ላልሆነ አገልግሎት ክፍያ አይጠየቅበትም። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ሥዕል ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ከነጥብ ላይ ነው። መምህሩ «ነጥብ መጠን የለውም» ሲል ተማሪው የሚያየው በጠመኔ የተሠራ፣ ስፋት ያለው ምልክት ነው፤ ሰሌዳው ይህን ተቃርኖ የሚያርምበት መንገድ የለውም። በጂኦጀብራ ግን ሁለት ነጥቦችን አቀራርቦ አስቀምጦ፣ በመስመር አገናኝቶ፣ ምስሉን ማጉላት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት እየሰፋ ሲሄድ የነጥቦቹ ምልክት ግን ባለበት መጠን ይቀራል፤ የመስመሩም ውፍረት አይጨምርም። ተማሪው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ክብ ለዓይን የተደረገ አመልካች እንጂ ነጥቡ ራሱ እንዳልሆነ የሚረዳው ያኔ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ነጥብን ክፍል የሌለው ነገር ብሎ በይኖት ነበር፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ግን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ሥራ ሦስቱንም ያለ ብያኔ ትቶ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት ብቻ በአክሲዮሞች (ያለ ማረጋገጫ በሚወሰዱ መነሻ ሐሳቦች) ደነገገ። ጂኦጀብራ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ወደ ሂልበርት መንገድ ያደላል፤ ነጥብ ምን እንደሆነ አይነግረውም፣ ነጥብ ከመስመር፣ መስመርም ከጠለል ጋር ያለውን ግንኙነት ግን በራሱ እጅ እንዲፈትን ያደርገዋል።

በሁለቱም በኩል ማለቂያ የሌለው ቀጥታ መስመር፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በአንድ በኩል ብቻ የሚቀጥለው ጨረርና በሁለት ነጥቦች መካከል የሚቀረው ቁራጭ መስመር ለየብቻ መሣሪያ ስላላቸው ተማሪው ከመሣል በፊት የትኛውን እንደሚፈልግ ለመወሰን ይገደዳል። ምስሉ ሲያንስ ቁራጩ አብሮ ያጥራል፤ ቀጥታ መስመሩ ግን ምንጊዜም ከስክሪኑ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይደርሳል። «ሁለት የተለያዩ ነጥቦች አንድና አንድ ብቻ መስመር ይወስናሉ» የሚለውን ሐሳብ ለማሳየትም አንዱን ነጥብ እየጎተቱ በሌላው ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ ሁለቱ ልክ አንድ ቦታ ላይ ሲገጥሙ መስመሩ ከሥዕሉ ይጠፋል። «የተለያዩ» የሚለው ቃል በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ለምን እንደገባ ብዙ ተማሪ አይጠይቅም፤ ይህን ካየ በኋላ ግን መጠየቁ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማከብረው የመጎተቱን ነገር ነው። አንድ ተማሪ በዓይኑ ገምቶ ከሌላ መስመር ጋር ትይዩ የሚመስል መስመር ቢሠራ፣ በወረቀት ላይ ሥራው ትክክል ሊመስል ይችላል፤ በጂኦጀብራ ግን አንዱ ነጥብ ትንሽ ሲነካ ትይዩነቱ ወዲያው ይፈርሳል። በትይዩ መስመር መሣሪያ የተሠራው ደግሞ ምንም ቢጎተት ትይዩ ሆኖ ይኖራል። እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ነጥቦች በሰማያዊ፣ በሌሎች ላይ ተመሥርተው የተገኙት ደግሞ በጠቆረ ቀለም መታየታቸው የትኛው የተሰጠ፣ የትኛው የተከተለ እንደሆነ ይለያል። በአጋጣሚ እውነት የሆነውንና በግድ እውነት የሆነውን መለየት የማረጋገጫ ትምህርት ሁሉ መሠረት ስለሆነ፣ ልጆች ይህን ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቢያዩት እጅግ ይጠቅማቸዋል።

ጠለል የሚታየው ስሪ-ዲ (ባለ ሦስት አውታር) ካልኩሌተር በተባለው ክፍል ነው። በሦስት ነጥቦች የሚያልፍ ጠለል ከተሠራ በኋላ ሦስተኛውን ነጥብ ሁለቱ ወዳሉበት መስመር ቢወስዱት ጠለሉ ይጠፋል፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ሊወስኑ አይችሉምና። ሁለት ጠለሎች የሚቆራረጡት በመስመር እንጂ በነጥብ እንዳልሆነ ማሳየትም የአንድ መሣሪያ ሥራ ነው። ሰሌዳ ፈጽሞ ሊያሳየው የማይችለው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ሳይገናኙም ትይዩ ሳይሆኑም የሚኖሩ፣ በአንድ ጠለል ላይ የማይውሉ ሁለት መስመሮች ነገር ነው። ከአንድ አቅጣጫ ሲታዩ የተቆራረጡ ይመስላሉ፤ ምስሉ ሲዞር ግን አንዱ ከሌላው በላይ ርቆ እንደሚያልፍ ይታያል፣ መቆራረጫቸውን የሚጠይቅ ተማሪም ነጥብ አያገኝም።

ድክመቶቹም እዚሁ ክፍል ላይ ይበዛሉ። ጠለሉ ወሰን ያለው ገጽ ሆኖ ስለሚሣል፣ መምህሩ ካልተናገረ ተማሪው ጠለልን እንደ ወረቀት ቁራጭ አድርጎ መያዙ አይቀርም። ነጥብን ወደ ላይና ወደ ታች ለማንቀሳቀስ አስቀድሞ ነጥቡን ነክቶ የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተነገረው ጀማሪ ነጥቡ በአግድም ብቻ ሲሄድበት ምክንያቱን አያውቅም፣ በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ያስቸግራል። በጎን የሚከፈተው የአልጀብራ መስኮትም ነጥቡን በቁጥሮች፣ መስመሩንና ጠለሉን በኢኩዌሽን ይጽፋል። ከፍ ላለ ክፍል ይህ ሀብት ነው፤ ለጀማሪ ግን ነጥብ ማለት የቁጥር ጥንድ ማለት ነው የሚል ያልበሰለ ሐሳብ ሊተክል ስለሚችል መስኮቱን መዝጋት ይሻላል።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚያስተምር መምህር ወይም ልጁን ቤት ለሚያግዝ ወላጅ የምመክረው ሙሉውን ጥቅል ሳይሆን በጂኦሜትሪ ክፍሉ እንዲጀምር ነው። ከባዶ ገጽ ስለሚጀምርና መሣሪያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ተማሪው ሐሳቡን ከሥዕሉ ላይ አያነሣም። ወደ ስሪ-ዲው የሚሻገረው ነጥብንና መስመርን በደንብ ከያዘ በኋላ ይሁን፤ በተቻለ መጠንም ከስልክ ይልቅ በኮምፒውተርና በማውስ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ክፍል ደግሞ ተማሪዎቹ በየተራ ራሳቸው እየጎተቱ ይሁን እንጂ መምህሩ ብቻውን እየጎተተ አይሁን።