ኤክስአር 150ኤል ኪሎው ለበዛ ሰው፦ ሾኩ የጅማን ፒስታ ይችላል?

ሆንዳ ኤክስአር 150ኤል በጅማ ዙሪያ ለሚሠራ ሰው የምንመክረው ሞተር ነው። ሾኩ ግን የተሰፋው ለቀጭን ሰው ነው። የፊቱ ባለ 31 ሚሊ ቱቦ፣ ምንም ማስተካከያ የሌለው ሾክ ሲሆን 180 ሚሊ ይጓዛል። ከኋላ አንድ ሾክ ብቻ አለ፤ ጎማው 150 ሚሊ ይጓዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ዴዶ ቀበሌዎች ወይም ወደ ጌራ ቡና ማሳዎች ቢገባበት ብዙ የሚያማርረው የለም። 95 ኪሎ የሆነ ሰው ግን ሄልሜቱን፣ ቦቲውን፣ የዝናብ ልብሱንና ቦርሳውን ሲጨምር መቶን ያልፋል። ይህን የምንጽፈው ለእሱ ነው።

ምልክቱ ገና ከግቢ ሳይወጣ ይታያል። ኋላው ቁጭ ይላል፣ ፊቱ ቀና ይላል። ማታ መብራቱ መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን የባጃጅ ሹፌር ዓይን ይወጋል። የፊት ጎማው ክብደት ስለሚጎድለው በቀዩ ጭቃ ላይ መሪው ቢዞርም ጎማው ቀጥ ብሎ መንሸራተት ይፈልጋል። ክረምቱ ፒስታውን ቆርጦ የተወው ቦይ ሲገጥም ደግሞ ሾኩ እስከ ጥጉ ይገባና ጓ ይላል። የፊት ጎማው 19 ኢንች በመሆኑ ከ21 ኢንች ጎማ ይልቅ ወደ ቦዩ ጠልቆ ይገባል፤ ምቱም ይብሳል።

ይህን ይዘው ጋራዥ ሲገቡ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «እናጥብቀው» ነው፤ የኋላ ሾኩ ሞላ (ስፕሪንግ) የተደገፈበትን ቀለበት አዙሮ ሞላውን መጭመቅ ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔ ዝቅተኛ ነጥብ እንሰጣለን። የሞላን ጥንካሬ የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የክቡ ስፋትና የክቦቹ ብዛት ናቸው፤ ቀለበት ማጥበቅ ከሦስቱ አንዱንም አይነካም። ማጥበቅ ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። ከልክ በላይ የጠበቀ ሞላ ሰው ሳይቀመጥበት ሾኩን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ያቆመዋል። ያኔ ጎማው ወደ ጉድጓድ ወርዶ መሬቱን ለመከተል ምንም ትርፍ የለውም፤ ቁልቁለት ላይ ይዘላል፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ብር ከማውጣት በፊት መለካት ያስፈልጋል። የሚፈለገው ሜትር፣ እስክሪብቶና ሁለት ረዳት ነው። መጀመሪያ የኋላ ጎማው አየር ላይ እንዲንጠለጠል ሞተሩን ከሻንሲው ሥር ደግፉትና ከፔርኖው (ጎማውን ከያዘው ዘንግ) መሀል ቀጥታ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ምልክት እስካደረጋችሁበት ነጥብ ያለውን ርቀት ጻፉ። ቀጥሎ ጎማው መሬት ይንካ፤ አንዴ ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ልቀቁትና በራሱ ክብደት ብቻ ሲቆም ለኩ። በመጨረሻ አሽከርካሪው ሙሉ ልብሱንና ቦርሳውን ይዞ እግር ማስቀመጫው ላይ ይቁም፣ አንዱ መሪውን ይያዝለት፣ ሌላው ይለካ። ከመጀመሪያው ልኬት ሁለተኛው ሲቀነስ ባዶ ሳግ፣ ሦስተኛው ሲቀነስ ደግሞ የሰው ሳግ ይገኛል፤ ሳግ ማለት ሞተሩ ክብደት ሲያርፍበት የሚወርደው መጠን ነው። ፊት ለፊትም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን የፊት ሾክ በፓራዮሊው (ዘይቱ እንዳያፈስ በሚይዘው ጎማ) መያዝ ምክንያት ስለሚዋሽ አንዴ ከላይ ጫን አድርጎ ቀስ ብሎ ሲመለስ፣ አንዴ ደግሞ ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ሲወርድ ለክቶ አማካዩን መያዝ ነው።

በ150 ሚሊ ጉዞ ከኋላ የሰው ሳግ ከ45 እስከ 50 ሚሊ ቢሆን መልካም ነው። ባዶ ሳግ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ይሁን። ከፊት የሰው ሳግ ከ45 እስከ 54 ሚሊ ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው፦ ቀለበቱን አጥብቃችሁ የሰው ሳጉ 50 ላይ ከደረሰ በኋላ ባዶ ሳጉ ዜሮ ከሆነ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው። ሞተሩ ሰው ሳይቀመጥበት ደርቆ ሲቆም ሞላው ጠንካራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ምን ያህል የጠነከረ ሞላ? ቤንዚንና ዘይት ይዞ ሞተሩ 128 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጎማውንና እሱን የያዘውን ክንድ ትተን ስናሰላ፣ 75 ኪሎ ሰው ሲቀመጥ የኋላው ሞላ የሚሸከመው ወደ 95 ኪሎ ይጠጋል። ከሰው ክብደት 60 በመቶው ወደ ኋላ ይሄዳል ብንል፣ 25 ኪሎ ሲጨመር ኋላው ላይ የሚያርፈው 15 ኪሎ ነው። ስለዚህ መቶ ኪሎ ለሆነ ሰው 15 በመቶ ገደማ የጠነከረ የኋላ ሞላ በቂ መነሻ ነው። ከፊት ደግሞ 12 በመቶ አካባቢ። «እጥፍ ጠንካራ» እያለ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ አትግዙ፤ ሾኩ ጨርሶ አይሠራም።

የኋላ ሞላ ከሌላ ሞተር ሲፈለግ ዓይን አይበቃም፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያስፈልጋል። ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ክቡና የክቦቹ ብዛት እኩል ሆነው ሽቦው ከ10 ወደ 10.5 ሚሊ ቢወፍር ሞላው 22 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ግማሽ ሚሊ ያን ያህል ለውጥ ታመጣለች። የውስጥ ስፋቱ የሾኩን አካል ሳይነካ መግባት፣ ርዝመቱም ከቀድሞው ጋር መቀራረብ አለበት። ለመግጠም ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ብቻ ይመረጥ። በገመድና በክሪክ የተጨመቀ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይጎዳል፤ በዚህ ነገር ድርድር የለንም።

ሙሉ ሾክ ቀይሩ የሚለው ምክር ደግሞ ጥሩ የሚሆነው የድሮው ዘይት ሲያፈስ ወይም ቦኮላው ሲበላ ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ርዝመቱ ይለካ። ጎማው ሾኩ ከሚጓዘው ሁለት ተኩል እጥፍ የሚጓዝ ከሆነ፣ 10 ሚሊ የረዘመ ሾክ ኋላውን 25 ሚሊ ያነሳዋል፤ መሪው ይቀልና ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ጥቂት ብር ወጥቶበት ብዙ የሚገኝበት የፊቱ ነው። የሞላውን ክብ መቁረጥ፣ በትክክል ከተሠራ፣ ሐቀኛ መፍትሔ ነው፤ 40 ክብ ያለው እኩል ክፍተት ያለው ሞላ ወደ 36 ሲወርድ 11 በመቶ ይጠነክራል፣ የሚፈለገውም ያን ያህል ነው። አደጋው ሞላው ሙሉ ሲጨመቅ ክብ ከክብ መነካካቱ ነው። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 380፣ ሽቦው 4 ሚሊ፣ ሲገጠም 20 ሚሊ የሚጨመቅ ሞላ እንውሰድ። ከመቆረጡ በፊት 220 ሚሊ መጨመቅ ይችላል፤ የሚፈለግበት 180 ሲደመር 20፣ ማለትም 200 ነው። ሲቆረጥ ርዝመቱ 342 ይሆናል፣ መጨመቅ የሚችለውም 198 ብቻ ነው። 2 ሚሊ ጎደለ ማለት ነው፤ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ይጋጫል። መፍትሔው ለጠፋው 38 ሚሊ ምትክ ሞላው ላይ የሚደረበውን አጭር ቱቦ በ38 ፈንታ 33 ሚሊ ማድረግ ነው፤ ያኔ የሚፈለገው 195 ይሆንና 3 ሚሊ ይተርፋል። የራሳችሁን ሞላ ለክታችሁ ይህንኑ ስሌት ሥሩ። ጋራዡ ይህን ሳያሰላ ግራይንደር ካነሳ ሞላችሁን ይዛችሁ ውጡ። በእሳት መቁረጥ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። በአንድ ጫፉ ክቦቹ የተጠጋጉ ሞላ ከሆነ፣ ከዚያ ጫፍ መቁረጥ መጀመሪያ ላይ ያለውን ልስላሴ ያጠፋል እንጂ መጨረሻ ላይ አያጠነክርም። ቱቦው ጠንካራ ፒቪሲ ወይም ቶርኖ ቤት የተሠራ አሉሚኒየም ይሁን፣ በላይም በታችም ሮንዴላ ይግባለት።

ቀጥሎ ዘይቱ። የዘይት ከፍታ የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ ሙሉ ገብቶ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ነው። ከማኑዋሉ ልክ 10 ሚሊ ከፍ ሲል ከላይ ያለው አየር ይጠብና የጉዞው መጨረሻ ይጠነክራል፤ ጓ የሚለውን ድምፅ የሚያስቀረው ይህ ነው። ከ20 ሚሊ በላይ አይኬድ፣ ፓራዮሊው ይፈነዳል። ሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን ትርፉ በሲሪንጅ ይሳባል። የዘይቱ የውፍረት ቁጥር 10 ደብሊው ከነበረ ወደ 15 ደብሊው መውጣት ከጠነከረው ሞላ ጋር ይስማማል፣ ምክንያቱም ጠንካራ ሞላ ሲመለስ ይወረውራል። ከዚያ በላይ የወፈረ ዘይት ግን ኮረት ላይ እጅ ያደነዝዛል፤ ዘይቱ የሚያልፍባት ቀዳዳ ቋሚ ስለሆነች ፈጣን ምት ሲመጣ ዘይቱ አላልፍ ይላል። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት የሚሞሉ መካኒኮች ጥፋታቸው ይህ ነው። የፎርክ (የፊት ሾክ) ዘይት ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሻላል፤ ውፍረቱ ለ10 ደብሊው ይቀርባል።

ፓራዮሊ በተከፈተ ቁጥር በጥንድ ይቀየር። የጅማ ቀይ ጭቃ ደርቆ ቱቦው ላይ ሲቀር እንደ ሞረድ ነው፤ ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ፓራዮሊው ላይ ቀጥታ ማስረጨት አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋል። በባልዲና በጨርቅ መታጠብ ይበቃል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ካቴናው ሰው ተቀምጦበት እንደገና ይታይ፣ መብራቱም ዝቅ ይደረግ። ዘወትር ሰው አፈናጥጦ ወይም የቡና ጆንያ ጭኖ የሚሄድ ሰው ሞላውን በዚያ ጭነት ለክቶ ይምረጥ፤ ብቻውን ሲሄድ ይደርቅበታል፣ ይህን ማወቅ አለበት። መቶ ኪሎ ሰው፣ ከኋላው ሌላ ሰው፣ በዚያ ላይ ጆንያ ሲሆን ግን ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ነው፣ ሞላም አያድነውም። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ስለሚሰክን 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሳጉ ዳግም ይለካ፤ 3 ወይም 4 ሚሊ ወርዶ ከተገኘ ያኔ ማጥበቅ ተገቢ ነው።