ከጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ በእግር፦ ይህን ጉብኝት እንዳያመልጣችሁ

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በእግር የሚያስጎበኝ አንድ ወጣት አለ። ጉብኝቱ የራስ ተፈሪያንን እምነት ታሪክ ይዞ ነው የሚሄደው። የከተማ ልጅ ነኝ፣ ምን አዲስ ነገር ይነግረኛል ብላችሁ እንዳትቀሩ።

መነሻው ጊዮርጊስ ነው። ጃንሆይ (አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የቀድሞው ራስ ተፈሪ) ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ ወሬውን ጃማይካ ሆነው የሰሙ ድሆች ትንቢት ተፈጸመ ብለው ንጉሡን አምላክ ያለ አዲስ እምነት ጀመሩ። ንጉሡ ግን እስከ መጨረሻው ኦርቶዶክስ ነበሩ። ልጁ ይህን ሳያድበሰብስ፣ ማንንም ሳያስቀይም ነው የሚናገረው። ቀላል አይደለም፣ አብሮን አንድ ጃማይካዊ ራስታ ነበርና።

ሥላሴ በር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰውየው ፀጉሩን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሹራብ ኮፍያ ሸፍኗል። ለእሱ መሸፈኑ የእምነቱ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ወንድ ኮፍያ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። አስጎብኚው ጠጋ ብሎ አስረዳው። ምንም ሳይል አወለቀ፣ ፀጉሩም እስከ ወገቡ ወረደ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩትና «ልጄ፣ ባሕታዊ ነህ እንዴ?» አሉት። ሲተረጎምለት እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ወደ ጃንሆይ መቃብር ገባ።

አዲስ እምነት ተቀባይነት የሚያገኘው እንዲህ ነው ባይ ነኝ፣ ወረቀቱ ኋላ ይመጣል። ራስታዎቹ የሰፈሩበት የሻሸመኔ መሬት የተሰጠው በ1940ዎቹ ነው፤ መንግሥት ለራስታዎቹ መታወቂያ እሰጣለሁ ያለው ግን በ2009 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው አድገዋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ጉብኝቱ የራሳችንን ታሪክ ይዘላል። ሙሉ ወንጌል የተባለችው የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን በንጉሡ ዘመን ልመዝገብ ብላ ተከለከለች፣ በደርግ ጊዜ ተዘጋች፣ ምእመናኗም ታሰሩ። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ግን ፕሮቴስታንቱ በጠቅላላው 18.6 በመቶ ሆነ። ዛሬ ስንት ቤት ነው አንዱ ቅዳሴ፣ ሌላው ቸርች ሄዶ የእሁድ ምሳ አብረው የሚበሉት!

ልዩነቱ አይጠፋኝም። ጴንጤው መጽሐፍ ቅዱሱን ይጋራናል፤ ንጉሥን አምላክ ማለት ግን ለብዙዎቻችን አይዋጥም፣ ለእኔም አይዋጥልኝም። ቢሆንም እምነቱን ሳልቀበል ሰውየውን እንደ አማኝ ላከብረው እችላለሁ፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ የማመን ነፃነቱን ለሁሉም ነው የሰጠው። መንገዱ ይረዝማል እንጂ የተዘጋ አይመስለኝም።

ዋጋው በስምምነት ነው፣ የመግቢያ ክፍያ ለብቻ ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ። ስለ ሙሉ ወንጌል እናንተው አንሱበት፤ እኔ ስጠይቀው መንገድ ላይ ቆሞ በደንብ አስረድቶኛል።