ወረቀቱን ያውቃሉ፣ ልጅቷን አልጠየቋትም፦ በድሬዳዋ ስላለ አንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ

ባለፈው መስከረም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጄን ይዤ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው በዋናነት ተማሪዎችን ወደ ሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚልክ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር የእነሱ ብቻ አይመስለኝም፣ የማመሰግነው ወጣት ሠራተኛም እንጀራው እንዲነካ አልፈልግም። ለምዝገባና ለምክር 3,000 ብር፣ ቆይቶም ለሰነድ ማስፈጸሚያ ሌላ 9,000 ብር ከፍለናል። የዚያን ቢሮ ደረጃ የሚወጡ ወላጆች በገንዘባቸው ምን እንደሚያገኙና ምን እንደማያገኙ አስቀድመው ቢያውቁ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ጣሪያው ላይ እየተንቀጫቀጨ የሚዞር ማራገቢያ አለው። መቀበያው ግድግዳ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሕንዳዊ ወጣት በእናቱና በአባቱ መካከል ቆሞ የሚታይበት ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «የሕንድ ወላጅ ለልጁ ያወቀለትን እርስዎም ይወቁለት» ይላል። ዋናው አማካሪ ንግግሩን የጀመረው ከዚሁ ፖስተር ነበር። የሕንድ ቤተሰብ ልጁ ገና ሳይወለድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንደሚሆን ይወስናል፣ ልጁም አይከራከርም፣ ሕንድ ዛሬ ለዓለም ሐኪምና የኮምፒውተር ባለሙያ የምታቀርበው በዚህ ምክንያት ነው አለን።

ይህ ማባበያ በእኛ አገር ሰው ላይ የሚሠራው ያለምክንያት አይደለም። ሕንድ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ሩቅ አገር ሆና አታውቅም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘውን ያን ባለቀለም መስተዋት ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የሐረር ጦር አካዳሚም በ1950ዎቹ ሥራውን ሲጀምር ያሠለጥኑበት የነበሩት የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ስለ ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪው የሚያወራው አያጣም፤ አባቴም እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያደንቀው እንዲህ ያለ መምህር ነበረው። እዚያ ቢሮ የደረስነውም በሕንዱ ባጃጅ ነው። ስለዚህ ሰውየው «ሕንድ» ሲል ጆሮዬን ሰጠሁት፤ ልጄ ግን ፖስተሩን እያየች ዝም አለች።

አንድ ነገር ወዲያው ቅር አሰኝቶኛል። ድሬዳዋ ውስጥ ሽማግሌውም ሹሙም በፍቅር «አንተ» እንደሚባል ያደገበት ያውቀዋል። አማካሪው ግን እኔን «እርስዎ» እያለ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጄን ደግሞ «እሷ» እያለ ቀጠለ፤ «እሷ ባዮሎጂ ስንት አመጣች? እሷ ደም አትፈራም?» እያለ የሚጠይቀው እኔን ነው። ከዚያ ቅጹን ሰጠን። የቅጹ ሁለተኛ ገጽ «የወላጅ የትምህርት መስክ ምርጫ» የሚል ርዕስና ሦስት ባዶ መስመር አለው። ከሥሩ በትንሽ ፊደል «የተማሪ ምርጫ (ካለ)» የሚል አንድ መስመር ይከተላል። እኔ ያን ዕለት ሦስቱንም መስመር «ሕክምና» ብዬ ሞላሁ፤ የልጄን መስመር ያየሁት ቤት ገብቼ ቅጂውን ሳነብ ነው።

ቅሬታዬ ግን በቅጹ አያበቃም። ሕክምና ብለን ከፍለን፣ ሰነድ አስገብተን፣ ሦስት ሳምንት ከቆየን በኋላ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን ሕንድ ውስጥ ሕክምና ለመማር ኒት የሚባለውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ እንዳለበት ተነገረን። ይህ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ደቂቃ መነገር ያለበት ነገር ነው። ለምን እንዳልተነገረን ስጠይቅ አማካሪው «ፋርማሲም እኮ ያው ነው፣ ጋዋኑ አንድ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ያወጣው የመስኮች ዝርዝር አንድ ገጽ አይሞላም፦ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ንግድ አስተዳደር። ለምክር የከፈልኩት 3,000 ብር ያስገኘልኝ ምክር ይህ ነበር።

የሕንድን ጉዳይ በትክክል የነገረን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የሚቀመጠው ወጣት ነው። እሱ ራሱ ቪሳካፓትናም ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በተማሩበት የአንድራ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው። ልጄን ቀና ብሎ አይቶ «አንቺስ ምን መማር ነው የምትፈልጊው?» አላት። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሰው በቀጥታ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር። መልሷን ከመስማቱ በፊት ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ ስለቀረ፣ ክዳኑን ከፍቶ እየጎተተ ስለ ጎረቤቱ ነገረን። ማደሪያው ውስጥ በሚቀጥለው ክፍል የነበረው ልጅ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ ቤተሰቡ ሳይንስ መረጡለት፤ እዚያም እንደ እኛው ከአሥረኛ በኋላ መስክ ይለያል፣ ጎበዝ የተባለ ልጅ ሳይንስ ካልገባ ዘመድ ይደነግጣል። የምሕንድስና ፈተናውን ወድቆ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጦ አጠና፣ እንደገና ተፈተነ፣ ያም ሆኖ ካሰበው ቦታ አልደረሰም፤ ከምሕንድስና ሲመረቅ ደግሞ ወደ መንግሥት ሹመት የሚያስገባውን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ማጥናት ጀመረ። ልጁ መማር የፈለገው ታሪክ ነበር። «ለምን ታሪክ አልተማርክም ስለው፣ ሎግ ክያ ካሄንጌ አለኝ» አለን ወጣቱ። ትርጉሙን ስንጠይቀው ሳቀ፦ «ሰው ምን ይላል ማለት ነው። እኛ ቤትማ ትርጉም አያስፈልገውም።»

ቤት ገብቼ ያነበብኩት ደግሞ ፖስተሩን ገለበጠብኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ኒትን የተፈተኑት ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በመላው ሕንድ የነበረው የሕክምና ትምህርት ቦታ ከ100,000 ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው፤ ከእሱም ክፍያው ለመካከለኛ ቤተሰብ የሚቀመሰው በአብዛኛው የመንግሥቱ ኮሌጆች ድርሻ ነው። ራጃስታን ውስጥ ኮታ የምትባል ከተማ አለች። የፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ በ1980ዎቹ እዚያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ቪኖድ ኩማር ባንሳል የተባለ መሐንዲስ ቤቱ ውስጥ ተማሪ ማስጠናት ጀመረ፣ ተማሪዎቹም እያለፉ ስሙ ናኘ። ትልቁ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ሲዘጋ ከተማዋ በሙሉ ወደ ማስጠናት ዞረች፤ ዛሬ ከየክፍለ አገሩ የሚመጡ ልጆች ተከራይተው ሌት ተቀን ለፈተና የሚዘጋጁባት ናት። በርካታ ልጆች እዚያ ተስፋ ቆርጠው ሕይወታቸውን ስላጠፉ፣ በ2023 የከተማዋ አስተዳደር በማደሪያዎቹ የጣሪያ ማራገቢያዎች ላይ ክብደት ሲያርፍባቸው የሚረግብ ስፕሪንግ እንዲገጠም አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ የሕንድ ትምህርት ሚኒስቴር የማስጠኛ ተቋማት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይመዘግቡ መመሪያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮው በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ያ የሚንቀጫቀጭ ማራገቢያ ላይ ያርፋል። አማካሪው «ልጁም አይከራከርም» ያለው ስለዚህ ሁሉ ነበር።

ሆኖም የሕንድ ወላጆችን እንደ ጨካኝ አድርጎ ማየትም ሌላ ፖስተር መስቀል ይሆናል። አገሪቱ በ1947 ነፃ ስትወጣ ግድብ፣ ፋብሪካና ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ የመጀመሪያው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1951 ካራግፑር ላይ ተከፈተ፣ ዛሬ ቁጥራቸው 23 ደርሷል። በ1991 ኢኮኖሚው ሲከፈትና የሶፍትዌር ሥራ ሲስፋፋ መሐንዲስ የሆነ ልጅ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ከኪራይ ቤት ሲያወጣ በዓይን ታየ። ጡረታ ለሌለው አባት የልጁ ዲግሪ ጡረታው ነው። ስለዚህ ፍላጎቱ ከትዕቢት ብቻ አልመጣም፤ በጊዜው ልክ የነበረ ስሌት ነው፣ ችግሩ ስሌቱ ሳይታደስ ወደ ልጅ ልጅ መተላለፉ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር በወለዳት ከተማ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ወዴት እንደሚገባ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ገባሁ፣ በመጋዘን ጸሐፊነት አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ፣ ከዚያ አሮጌው ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ መስመር ሲመረቅ እኔ ቀፊራ ውስጥ የቤት ዕቃ እሸጥ ነበር። አባቴ የመረጠልኝ «አስተማማኝ» ሥራ እንዲህ አለቀ፤ እኔ ደግሞ ልጄ ስትፈተን ያን ሁሉ ረስቼ ሦስት መስመር ሙሉ «ሕክምና» ጻፍኩ። ለራሴ ማስተባበያ ካስፈለገኝ አንድ አለኝ፦ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር በመጀመሪያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ልጅ ሲኖርህ ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» ብሎ መጥራት ይጀምራል፣ አንተም ትለምደዋለህ።

ልጄ ለወጣቱ የመለሰችለት የከርሰ ምድር ውሃ ማጥናት እንደምትፈልግ ነው። እኔ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እናቷ ታውቅ ኖሯል። ምክንያቷ ከቤታችን አይርቅም። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት እናቷ በየሳምንቱ በሎሚ ስትፍቅ እያየች ነው ያደገችው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እሷ ገና አልተወለደችም፣ ነገር ግን በሰፈራችን ያን ሌሊት ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። በዓመት አብዛኛውን ቀን ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ አንድ ሌሊት ከተማ የሚያጠፋበት፣ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ ከመሬት ሥር የሚቀዳበት አገር ላይ ሆና ይህን ጥያቄ ማንሳቷ ሊገርመኝ አይገባም ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደው፣ እነሱ የሚሸጡት ሕንድ ራሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው መሆኑ ነው። ሰሜን ሕንድ ሩርኪ ከተማ ያለው ተቋም የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 የጋንጅስን ቦይ ለሚሠሩ መሐንዲሶች ማሠልጠኛ ሆኖ ነው፤ ዛሬ ከ23ቱ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች አንዱ ሲሆን ራሱን የቻለ የሃይድሮሎጂ ክፍል አለው፣ የሕንድ ብሔራዊ የሃይድሮሎጂ ተቋምም እዚያው ከተማ ነው። ይህ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚታሰብ ነው፤ መጀመሪያ እዚህ ወይም እዚያ ጂኦሎጂ ወይም ሲቪል ምሕንድስና መማር አለባት። ይህን ያገኘነው እኔና ልጄ በአንድ ምሽት በስልካችን ነው። ለምክር የተከፈለው አማካሪ ማግኘት አያቅተውም ነበር፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን መስክ ግን አይፈልግም። ወደየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲልክ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ወጣቱ አልነገረንም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፣ ዝርዝሩን አይቶ መገመት ግን ይቻላል።

የሰነዱ ሥራ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሳላመሰግን ብቀር እበድላለሁ። ከእኛው ጋር የገባ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማር ወስኖ ነበር፣ ራሱም የፈለገው ነው፣ እናም ቢሮው ጉዳዩን ከዳር አድርሶለታል። የትምህርት ማስረጃውን አረጋግጠው፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አስመትተው፣ ኤምባሲ አስገብተው፣ አንድም ቀን አዲስ አበባ ድረስ ሳያመላልሱት ቪዛውን አስገኙለት። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የአያቱ ስም ከሰርተፊኬቱ ጋር በአንድ ፊደል እንደሚለያይ ያስተዋለው ያው የፎቶ ኮፒው ወጣት ነው፤ ባያስተውለው ወራት ይፈጅ ነበር። ሲደርስ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ ቀርቦ መመዝገብ እንዳለበት፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ሁሉን በአማርኛ ጽፎ ሰጥቶታል። ለዚህ 9,000 ብር ውድ አይደለም።

እኛ የሰነዱን ክፍያ አስመልሰናል፤ ሁለት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ 7,000 ብር መለሱልኝ፣ የምክሩን ግን «አገልግሎቱ ተሰጥቷል» ብለው አስቀሩ። ልጄ ለጊዜው የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ራሷ ሞልታለች፣ ጂኦሎጂን አንደኛ አድርጋ።

ልጁ ምን እንደሚማር ቁርጡን አውቆ ወረቀት ብቻ የሚቀረው ቤተሰብ ይሂድ፤ ሲሄድም የምክር ክፍያውን አልከፍልም ይበል፣ ተከራክሮ የተሳካለት ሰው አውቃለሁ። ሕክምና የሚያስብ ሁሉ ስለ ኒት በጽሑፍ መልስ ይቀበል። ቅጹ ሲሰጥ ሁለተኛውን ገጽ መጀመሪያ ለልጁ ያሳልፉለት። በድሬዳዋ ሙቀት እንደሚጠበቀው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩ ዝግ ነው፤ ወጣቱ የሚገኘው ጠዋት ነው፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ ማሽኑ አጠገብ።