በላስ ቬጋስ ከሩሌቱ ይልቅ የሆቴሉ ደረሰኝ ያስፈራል

ላስ ቬጋስ የገባነው ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በከተማዋ ታሪክ ከፍተኛ የሆነው 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የተመዘገበው በዚያው ዕለት መሆኑን ያወቅነው ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት ነው፤ ከኤርፖርቱ በር እስከ ታክሲው ተራ ያለችው ጥቂት እርምጃ ግን ወሬውን አስቀድማ ነግራን ነበር። ነፋሱ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊት ይገርፋል፤ የሻንጣው እጀታ አይጨበጥም።

እኔና ባለቤቴ ሦስት ሌሊት አድረን ተመልሰናል። ብዙ ወዳጆቻችን «እንዴት ነበር?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ገንዘባችን የት እንደ ሄደ፣ ምኑ እንዳስደሰተንና ምኑ እንዳስቆጨን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንሁ። ዋናውን አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር፦ በዚህች የቁማር ከተማ ዋጋውን በግልጽ የሚናገረው ቁማሩ ነው፤ ዋጋውን የሚሸሽገው ማደሪያው ነው።

ከኤርፖርት የወሰዱን ሾፌር በዕድሜ ጠና ያሉ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ይህ በላስ ቬጋስ ብርቅ አይደለም፤ ወገኖቻችን በታክሲ ሥራ፣ በሆቴልና በካዚኖ ውስጥ በብዛት ይሠራሉ። ስናወራ ሰምተው «ግቡ ልጆች፣ ፀሐዩ አይቀልድም» ብለው ሻንጣችንን ጫኑልን። ከኤርፖርት ስትሪፕ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ወዳሉት ሆቴሎች የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ በዞን ተከፍሎ የተቆረጠ መሆኑን፣ በፊት ግን አንዳንድ ሾፌር እንግዳውን በዋሻው መንገድ አዙሮ ቆጣሪውን ያስሮጥበት እንደ ነበር የነገሩን እሳቸው ናቸው። ከመውረዳችን በፊት ሁለት ነገር መከሩን፦ «ክፍል ውስጥ ያለውን ፍሪጅ እጃችሁ እንዳይነካው፤ ሲርባችሁ ደግሞ ወደኛ ሰፈር ብቅ በሉ።» ሁለተኛውን ፈጸምን።

ሆቴሉን በስሙ አልጠራውም፤ በስትሪፕ ላይ ካሉት መካከለኞቹ አንዱ ነው። ክፍሉን በኢንተርኔት የያዝነው በሌሊት 59 ዶላር ሲሆን፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ባሉት ቀናት ዋጋው ከዓርብና ከቅዳሜው እጅግ እንደሚቀንስ ስለምናውቅ ጉዞውን ያደረግነው ሆነ ብለን በዚያ ጊዜ ነበር። እንግዳ መቀበያው ስንደርስ ግን «ሪዞርት ፊ» የሚባል 45 ዶላር በየሌሊቱ ተጨመረበት፤ በሁለቱ ድምር ላይ ደግሞ ከ13 በመቶ ከፍ ያለ ግብር ታሰበበት፤ 59 ዶላር የተባለው ክፍል 118 ዶላር ገደማ ሆኖ አረፈው። ክፍያው ለዋና ገንዳው፣ ለስፖርት ክፍሉና ለዋይፋዩ ነው ተባልን። ገንዳውን ብትዋኝበትም ባትዋኝበትም ትከፍላለህ። እርግጥ ከግንቦት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ሆቴሎች እንዲህ ያለውን አስገዳጅ ክፍያ ከመነሻው በዋጋው ውስጥ አካትተው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ክፍያው ግን አልቀረም፤ የቀረው ድንጋጤው ነው። ግብሩ አሁንም ለብቻው ሊመጣ ስለሚችል፣ ካርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የመጨረሻውን ድምር እዩ።

ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋው ምቹ፣ ማቀዝቀዣው አስተማማኝ ነበር፤ በዚህ አላማቸውም። ያስገረመኝ የቡና ማፍያ አለመኖሩ ነው። ቡና የሚፈልግ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ፣ በሊፍት ወርዶ፣ የቁማር ማሽኖቹን መሐል ለመሐል አቋርጦ ነው የሚያገኘው። ወደ ምግብ ቤቱ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱና ወደ ውጭው በር የሚወስደው መንገድም ያው በካዚኖው ውስጥ ነው። መስኮት የለም፤ ሰዓት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትም ብርሃኑ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ፍሪጁ ልምጣ። ባለቤቴ ከውጭ ገዝተን ያመጣነውን ውኃ ለማቀዝቀዝ ብላ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶችን ከቦታቸው አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ የራሳችንን ውኃ ከተተች። ጠርሙሶቹን አልከፈትናቸውም። ለካ እያንዳንዱ ዕቃ የተቀመጠበት ቦታ መመዝገቢያ ተገጥሞለት ኖሮ፣ ዕቃው ከስፍራው ለጥቂት ጊዜ ከተነሣ እንደ ተሸጠ ይቆጥረዋል። ማታ በቴሌቪዥኑ ላይ ሒሳባችንን ስንመለከት 27 ዶላር ተጽፎብን አገኘነው።

ስትሪፕ 6.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በእግር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ዓይኑን እንዳያምን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሕንፃዎቹ ከመግዘፋቸው የተነሣ «ይኸው እዚህ ነው» ያልነው ሆቴል የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆኖብናል። መንገዱን የሚያሻግሩት ድልድዮችም ቢሆኑ አውጥተው የሚጥሉህ አንድ ገበያ ደጃፍ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ውጭ መሄድ ራስን መቅጣት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ አለ፤ በምሥራቁ በኩል ከሆቴሎቹ ጀርባ የሚሄድ ሞኖሬልም አለ፤ ሞኖሬሉ ግን ኤርፖርት አይደርስም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህ ስመ ጥር ጎዳና አብዛኛው በሕግ የላስ ቬጋስ ከተማ አይደለም፤ ከከተማው ወሰን ውጭ «ፓራዳይዝ» (ትርጉሙ «ገነት») በምትባል፣ በክላርክ ካውንቲ በምትተዳደር አካባቢ ነው ያለው፤ ኤርፖርቱም እንዲሁ። ስለዚህ ስትሪፕን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው በሕግ ዓይን የጎበኘው ላስ ቬጋስን ሳይሆን ገነትን ነው ማለት ነው።

ስለ ቁማሩ፦ ለሁለት 60 ዶላር መድበን «ይህ እንደ ቲያትር መግቢያ ይቆጠር» ብለን ነው የገባነው። ዕድሜው 21 ያልሞላ አይጫወትም። ሩሌቱ ዘንድ ቆሜ ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁ። በመንኮራኩሩ ላይ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች አሉ፤ በተጨማሪ ዜሮና ድርብ ዜሮ አሉበት፤ በጠቅላላው 38 ቤት ነው። አንድ ቁጥር የመታለት ሰው ግን ያስያዘው ተመልሶለት በላዩ 35 እጥፍ ነው የሚከፈለው። በሁሉም ቁጥር ላይ አንዳንድ ዶላር የሚያስቀምጥ ሰው 38 ዶላር አውጥቶ 36 ዶላር ይመለስለታል፤ ሁለቱ ዶላር፣ ማለትም 5.26 በመቶው፣ የቤቱ (የካዚኖው) ነው። ይህንን ማንም ሰው ቆሞ በጣቱ ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል። ጥቂት ራቅ ብሎ ሦስት ዜሮ ያለው መንኮራኩር አየሁ፤ እዚያ የቤቱ ድርሻ 7.69 በመቶ ይደርሳል። የሚደንቀው ሁለቱም ጠረጴዛዎች በሰው የተሞሉ መሆናቸው ነው፤ ብዙው ሰው ዜሮዎቹን አልቆጠረም።

ብላክጃክ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ጠረጴዛም እንደዚሁ ውሉን በጨርቁ ላይ ጽፎ ነው የሚጠብቅህ። «3 ለ 2» የሚል ከሆነ በ10 ዶላር ብላክጃክ ያገኘ ሰው 15 ዶላር ይከፈለዋል፤ «6 ለ 5» የሚል ከሆነ 12 ብቻ። ከመቀመጥ በፊት ጨርቁን ማንበብ ነው። እዚያው ላይ የዝቅተኛው ውርርድ መጠንም በትንሽ ሰሌዳ ተጽፏል፤ ያየኋቸው ብዙዎቹ ከ15 ዶላር በታች አይቀበሉም ነበር።

ከዚህ ግልጽነት የማወጣው ስሎት ማሽኑን ነው። ከተማዋ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ደንብ አንድ ማሽን በረጅም ጊዜ ሒሳብ ቢያንስ 75 በመቶውን ለተጫዋች መመለስ አለበት ይላል፤ ከፊትህ ያለው ማሽን ስንት እንደሚመልስ ግን በላዩ አልተጻፈም። 20 ዶላር አስገብቼ እያንዳንዷን ዙር በ1 ዶላር ተጫወትሁ። አንድ ጊዜ ማሽኑ መብራቱን አንቦገቦገ፣ ዘፈነ፣ ሳንቲም የሚንዠቀዠቅ ድምፅ አሰማ፤ ያሸነፍሁት 40 ሳንቲም ነበር። ማለትም 60 ሳንቲም ከስሬ ነው የተዘፈነልኝ። የሳንቲሙ ድምፅም ቢሆን ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው እንጂ በዛሬው ማሽን ውስጥ ሳንቲም የለም፤ የተረፈህን ገንዘብ በወረቀት አትሞ ነው የሚሰጥህ። ሃያዋ ዶላር ሩብ ሰዓት አልቆየችም።

ምርጡ የተገኘው ከነፃው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቤላጂዮ ሆቴል ከፊቱ ባለው 3 ሄክታር በሚሆን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ከ1,200 በላይ ቧንቧዎች ውኃውን በሙዚቃ እያስጨፈሩ እስከ 140 ሜትር ያወጡታል፤ ምሽት ላይ በየሩብ ሰዓቱ ይደገማል። በአጥሩ ተደግፈን ሦስት ጊዜ አየነው። ውኃው ሲወርድ የሚያነሣው ነፋስ በዚያ ሙቀት ፊት ላይ ሲያርፍ እንደ ጠበል ነው። «በበረሃ ይህ ሁሉ ውኃ!» ብሎ የሚቆጣ ሰው፣ ሐይቁ የሚሞላው በስፍራው ቀድሞ የነበረውን የጎልፍ ሜዳ ያጠጣ ከነበረ ጉድጓድ መሆኑን ይወቅ። የላስ ቬጋስ ሸለቆ ከሚጠጣው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ በሚድ ሐይቅ በኩል ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ያገለገለው ውኃ ተጣርቶ ወደዚያው ይመለሳል። ሣር ብዙ አላየንም፤ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር እንዲነሣ የሚያዝዝ ሕግ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

ስፊር የተባለውን ክብ አዳራሽ ከውጭ ብቻ አየን። 112 ሜትር ቁመት አለው፤ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሲከፈት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። በሩቁ አንድ ጊዜ ዓይን፣ አንድ ጊዜ ጨረቃ ሆኖ ሲገላበጥ ማየት ራሱ በቂ ትርኢት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና እኛ ከሄድን ሳምንት በኋላ የተዘጋው ሚራዥ ሆቴልና ካዚኖ ደግሞ በመጨረሻ ቀኖቹ በሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር። ምክንያቱ ስንብት ብቻ አልነበረም፤ በማሽኖቹ የተጠራቀመው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሽልማት ከመዘጋቱ በፊት ለተጫዋቾች መከፈል ስለነበረበት በየቀኑ ይታደል ነበር። ቤቱ ሲዘጋ እንኳ የተጫዋቹን ድርሻ ይዞ መሄድ አይችልም። የሆቴል ክፍያዎችን የሚቆጣጠረው ሕግ ይህን ያህል ቢጠብቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁት።

ወደ ምግቡ ስናልፍ፣ ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ስለነበረ ባለቤቴ ትጾም ነበር። ዝነኛው ቡፌ ለሥጋና ለባሕር ምግብ ወዳጅ እንጂ ለጿሚ አይሆንም፤ ለሰላጣና ለሐብሐብ ያን ያህል ገንዘብ አይወጣም። ሾፌሩ ወደ ጠቆሙን ሰፈር ሄድን። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ዕውቅና የሰጠው ይህ አካባቢ ከስትሪፕ በስተ ምዕራብ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ከፊት ሲያዩት መደዳውን የተሠሩ ተራ ሱቆች ናቸው፤ ጌጥ የለውም። የቀረበልን የጾም በያይነቱ ግን ሽሮው ትኩስ፣ ምስሩ በደንብ የበሰለ፣ ጎመኑ ያልላሸቀ ነበር፤ እንጀራው ትንሽ ሆምጠጥ ማለቱን ባለቤቴ ወደደችው፣ እኔ አልወደድሁትም። አስተናጋጇ «ጨምሩ፣ እንጀራ አለ» እያለች መጨመሪያውን ያለ ሒሳብ አመጣችልን። በሦስት ቀን ውስጥ ሳንጠየቅ የተጨመረልን እና ያልተከፈለበት ነገር ያ እንጀራ ብቻ ነበር፤ ጉርሻዋን ከልባችን ሰጠናት።

በእውነተኛው የከተማው ክልል ውስጥ ያለውን ፍሪሞንት ጎዳና አንድ ምሽት ጎብኝተነዋል። ከላይ 400 ሜትር በሚያልፍ የመብራት ጣሪያ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ ሆቴል አለ። ጫጫታው ከስትሪፕ ይብሳል፣ ዋጋው ይቀንሳል፤ ልጅ ይዞ ማታ አይኬድም። ቀይ ዓለቶቹን ሬድ ሮክን እና ሁቨር ግድብን ለማየት አስበን ነበር፤ ሙቀቱ ከለከለን። ለእነዚያ መጋቢት ወይም ጥቅምት መምጣት ይሻላል።

ሐምሌ 3 ቀን ጧት ቁልፉን ስመልስ ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች ነገርኋት። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሳትጠይቀኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ 27 ዶላሩን ሰረዘችው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰርዝ ከጣቷ ፍጥነት ይታወቃል። በዚህ ተደፋፍሬ ገንዳውን ከነአካቴው እንዳላየነውና የሦስቱን ሌሊት 135 ዶላር እንድትመለከትልን ጠየቅኋት። ፈገግ አለች፤ ደረሰኙን በጥንቃቄ ሁለት ላይ አጥፋ ሰጠችኝና ገንዳው በስተግራ በኩል መሆኑን፣ እስከ አምስት ሰዓት ድረስም ልንጠቀምበት እንደምንችል ነገረችኝ።