ክዳን ያለው፣ ክፍቱ ወይስ ሳፋው? የድመት መጸዳጃ ሳጥኖች ከሚቀመጡበት ቦታ አንጻር

ለድመት መጸዳጃ ተብለው የሚሸጡ ሳጥኖች አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ለባለቤቱ ዓይንና አፍንጫ ነው። ክዳኑ ቆሻሻውን ይሸፍናል፣ ተወዛዋዧ በር ሽታውን ታፍናለች፣ ቀለሙ ከሶፋው ጋር ይሄዳል። ድመቷ ግን የምትሻው ዞር ብላ የምትቆፍርበት ስፋት፣ ማን እየመጣ እንደሆነ የምታይበት አቅጣጫና ሲያስፈልግ የምትሸሽበት መንገድ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉትን ዋና ዋና ዓይነቶች የመዘንነው በመልካቸው ሳይሆን ቤት ውስጥ የት ቢቀመጡ እንደሚሠሩ አይተን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ድመቷን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ይለኩ። ሳጥኑ የዚያ አንድ ተኩል እጥፍ ርዝመት ሊኖረው ይገባል፤ ለአማካይ ያደገች ድመት ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መደርደሪያ ላይ የሚደረደሩት ትናንሽ ሳጥኖች ግን ብዙዎቹ ከ50 አይበልጡም። የጠበባት ድመት በቀላሉ ትታወቃለች፦ የፊት እግሮቿን የሳጥኑ ከንፈር ላይ አድርጋ ትጸዳዳለች፣ አሸዋውን (ሳጥኑ ውስጥ የሚነጠፈውን ሙሌት) ትታ ግድግዳውን ወይም የሳጥኑን ጠርዝ ትቧጭራለች፣ ሳትቀብር ዘላ ትወጣለች። እንዲህ የምታደርግ ድመት ጋ ጥግ መቀያየሩ ብቻውን አይረዳም፤ መጀመሪያ ሳጥኑ ይስፋ።

ክዳንና በር ያለው ሳጥን በብዛት ይሸጣል፤ ቅሬታም የሚበዛው በእሱ ላይ ነው። ድመቶች በጅምላ ይጠሉታል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 27 ድመቶችን ክዳን ካለውና ከሌለው ሳጥን አማርጦ 19ኙ ልዩነት አላሳዩም፤ ከቀሩት 8 ውስጥ 4ቱ ክፍቱን፣ 4ቱ የተከደነውን መርጠዋል። በዚያ ጥናት ሳጥኖቹ ትልልቅ ነበሩ፣ በየቀኑም ይጸዱ ነበር። ቤት ውስጥ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ክዳኑ ሽታውን ስለሚያፍን ሰው ማጽዳቱን ይረሳል፤ ሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ተበልቶ አሞኒያ ሲሆን ጭሱ የሚጠራቀመው ድመቷ አፍንጫዋን ከምታስገባበት ጣሪያ ሥር ነው። ክዳኑ ላይ የምትሰካዋ የከሰል ማጣሪያ ብዙም አትረዳም፤ አየሩ በእሷ በኩል እንዲያልፍ የሚገፋው ነገር የለም።

ሁለተኛው ድክመቱ መጋጠሚያው ነው። ቆመው የሚሸኑ ድመቶች አሉ፤ ሽንቱ የክዳኑን ግድግዳ መትቶ ወደ ታች ይወርዳል። የክዳኑ ከንፈር ከታችኛው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ተመልሶ አሸዋው ላይ ይፈሳል። ከንፈሩ ከውጭ የሚያቅፍ ከሆነ ግን በመጋጠሚያው ሾልኮ ወለሉ ላይ ይወርድና ከሳጥኑ ሥር ገብቶ ይሸታል፤ ባለቤቱም ድመቷ ከሳጥን ውጭ ሸናች ብሎ ይቆጣታል። ስለዚህ ሲገዙ ክዳኑን አንስተው መጋጠሚያውን በጣት ይዳስሱ። ተወዛዋዧን በር ነቅለው ይጣሏት። ሳጥኑን ደግሞ መግቢያው ወደ ክፍሉ እንዲያይ ያዙሩት፤ ለውበት ተብሎ አፉ ወደ ግድግዳ የተመለሰ ሳጥን ድመቷ ስትወጣ ምን እንደሚጠብቃት አያሳያትም። ሌላ ድመት ወይም ውሻ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ አንድ መውጫ ብቻ ያለው ሳጥን ማለት ወጥመድ ነው፤ ሁለተኛዋ ድመት በሩ ላይ ተኝታ ትጠብቃታለች።

ከላይ የሚገባባቸው ሳጥኖች አሸዋ እንዳይበተንና ውሻ ገብቶ ዓይነ ምድሩን እንዳይበላ ያግዛሉ። ለጤነኛ ወጣት ድመት ይሁን፤ ለግልገል፣ ለእርጉዝ፣ መገጣጠሚያዋን ለሚያማት አሮጊት ድመት አይሆኑም። ራሳቸውን የሚያጸዱት ኤሌክትሪክ ሳጥኖች ከ500 ዶላር በላይ የሚያወጡ አሉ፤ ሶኬት አጠገብ የግድ ስለሚቀመጡ ቦታውን የሚመርጠው ሽቦው ይሆናል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት ከተማ አንመክራቸውም።

ምርጫችን ክፍቱ ነው፤ ከክፍቶቹም ብዙ ጊዜ አሸናፊ ሆኖ የምናገኘው ለድመት ያልተሠራው ነው። የልብስ ማስቀመጫ ተብሎ የሚሸጠው ረጅሙ የፕላስቲክ ሳጥን ርዝመቱ ከ65 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ አንዱን ጠባብ ጎን ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በሴጌቶ ቆርጠው መግቢያ ያውጡለት፤ ለግልገልና ለአሮጊት 6 ይበቃል። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ሻካራ ሆኖ ከቀረ ሆዷን ይነካትና ትሸሻለች። ከፍ ብለው የቀሩት ሦስት ጎኖች ቆማ የምትሸናዋንም፣ አሸዋ የምትበትነዋንም ይችላሉ። ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ለትንሽ ድመት ይሠራል፤ ክብ ስለሆነ ግን ጥግ ላይ ቦታ ያባክናል፣ ከንፈሩ ላይ ስትቆምበትም ቀላል ሳፋ ይገለበጣል።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ መጀመሪያ የሚያስበው መታጠቢያ ቤቱን ነው። ወለሉ ይታጠባል፣ በሩም ይዘጋል። ችግሩም ይኸው ነው። ሻወሩ ያለመከለያ ወለሉ ላይ ስለሚፈስ አሸዋው ይረጥባል፤ ለድመት አሸዋ የሚሸጠው ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ውሃ ሲነካው አብጦ ጭቃ ይሆንና መዳፏ ላይ ይጣበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜሉ የሚሞላው ሌሊት ነው፤ ድንገት የሚንዶቀዶቅ ውሃ አጠገብ ድመት ተረጋግታ አትቀመጥም። በሩም በነፋስ ይዘጋል። መታጠቢያ ቤት ብቻ ካለዎት ሳጥኑን ከሻወሩ ርቆ፣ ከወለሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጠንካራ ጣውላ ላይ ያኑሩት፤ በሩን ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ እንዲቆይ በገመድ ወይም በመንጠቆ ይሰሩት።

በረንዳ በፀሐይ ይግላል፣ በነፋስ አሸዋው ይበተናል፣ የጎረቤት ድመትም ሽታዋን ትታ ትሄዳለች፤ ማታ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ቤት ውስጥ የቀረችው ድመት ሳጥን የላትም። ገልፍ አገሮች ላሉ ወገኖች በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆን በረንዳ ጉዳዩ አያከራክርም። አሜሪካ አፓርትመንት ውስጥ የሚለመደው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ጓዳ ነው፤ ማሽኑ ሲጨምቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሳጥኑ ላይ ሆና አንድ ጊዜ ከሰማች አልጋዎን ልትመርጥ ትችላለች።

ወጥ ቤት ፈጽሞ አይሆንም። ድመት ከምትበላበት አጠገብ መጸዳዳት አትወድም፤ ለሰውም የቶክሶፕላዝማ፣ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ተውሳክ፣ ጉዳይ አለ። ትኩስ ዓይነ ምድር ወዲያው አያስተላልፍም፤ ተውሳኩ ለመጋባት ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። በየቀኑ የሚጸዳ ሳጥን አደጋውን እጅግ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። እርጉዝ ሴት ካለች ሌላ ሰው ያጽዳ፤ ከሌለ በጓንት ተጠርጎ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የምግብ ሳህኗና ሳጥኗ በተለያየ ክፍል ይሁኑ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ቤቱ በፈቀደው ልክ ይራቁ።

ሳሎን የብዙዎች ፍርሃት ነው፤ እኛ ግን ከመታጠቢያ ቤት እናስቀድመዋለን። ከሶፋው ጎን ያለ፣ ሁለት ጎኑ ግድግዳ፣ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ ጥግ ድመቷ የምትወደው ነው። ቡና ከሚፈላበት ጥግ ግን ይራቅ፤ የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ሳንባዋን ያስቸግራል፣ ሰውም የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሽታ በእጣን ወይም በሽቶ አይሸነፍም፤ ለእርስዎ የጣፈጠው ለእሷ ከአሞኒያው የባሰ ሊሆን ይችላል። መኝታ ቤት ሲኖር ከአልጋው ግርጌ ማዶ ያለው ጥግ ጥሩ ነው፤ ቀን በሩ የማይዘጋ ከሆነ ብቻ። ሁለት ድመት ላለው ቤት ሦስት ሳጥን ይመከራል፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት ሳጥኖች ግን ለድመት አንድ ቦታ ናቸው። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ከሆነ በየፎቁ አንድ ይኑር።

አሸዋው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሙላ። 65 በ45 የሆነ ሳጥን ለ6 ሴንቲ ሜትር 17 ሊትር ተኩል ይፈልጋል፤ አንድ የ10 ሊትር ከረጢት ብቻ ካፈሰሱ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ሽንቱም ወለሉ ድረስ ወርዶ ይጣበቃል። ደቃቅ፣ ሽቶ የሌለው፣ ሽንት ሲነካው የሚጓጉል ሸክላ ብዙ ድመቶች ይወዱታል። ሁሉን ለሚቀምስ ግልገል ግን አይስጡት፤ ሆድ ውስጥ ያብጣል። መጸዳጃ ቱቦ ውስጥም አይድፉት፤ የጓጎለው ሸክላ ቱቦ ዘግቶ ታች ያለውን ጎረቤት ጭምር ያስቸግራል። ከውጭ የሚገባው ሲወደድ ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ያገለግላል፤ ቀለምና ሙጫ ያልነካው ይሁን፣ ብናኙ በወንፊት ይውጣ፣ ስለማይጓጉልም ቢበዛ በ2 ቀን ሁሉም ይቀየር። የወንዝ አሸዋ ሽንቱን አይመጥም፣ ታች ያቁረዋል፤ ከያዙትም ቀጠን አድርገው ያንጥፉና በየቀኑ ይቀይሩት።

ሳጥኑን በሞቀ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይጠቡ። በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሰውም አደገኛ ነው። ዴቶልንና መሰል ፌኖል ያላቸውን ማጽጃዎችም ያርቁ፤ የድመት ጉበት በደንብ አያስወግዳቸውም። የተቧጨረ ፕላስቲክ ሽታ ስለሚይዝ በዓመት አንዴ ገደማ ሳጥኑን ይለውጡ።

ቦታ ከመቀየርዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ወንዴ ድመት ደጋግሞ ሳጥን ውስጥ እየገባ፣ እያማጠ፣ ሽንት ጠብ ካላለው ቱቦው ተዘግቶ ይሆናልና በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ።

ጤነኛ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ሳያነሱ ሁለተኛ ሳጥን አዲሱ ቦታ ላይ ያኑሩ፤ ከአሮጌው አሸዋ አንድ እፍኝ ይጨምሩበት፤ አዲሱን አዘውትሮ ሲጠቀም ሳምንት ካለፈው አሮጌውን ያንሱ። ያለዎት አንድ ብቻ ከሆነ በቀን አንድ ስንዝር እየገፉ ይውሰዱት። ከሳጥን ውጭ የተሸናበትን ወለል የሽንቱን ቅሪት በሚያፈርስ የኢንዛይም ማጽጃ፣ እሱ ካልተገኘ በሳሙናና ደጋግሞ በሚለቀለቅ ውሃ ያጽዱ፤ ሲደርቅ የምግብ ሳህኑን እዚያ ላይ ያስቀምጡ።